«ሲስተም የለም» የማይባልበት ከተማ

(አዲስ አበባ ውስጥ ለወጣት ሶፍትዌር ሠሪዎችና ለአነስተኛ ነጋዴዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ።

ስማርት ሲቲ፣ ማለትም ብልህ ከተማ፣ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣለት ግዙፍ ስክሪን፣ በየምሰሶው የተሰቀለ ካሜራና በራሱ የሚሄድ መኪና ነው። ማስታወቂያውም እንደዚያው ነው የሚያሳየን። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሰፈር ሱቅ ነው። ስለ ነዳጅ ማደያ፣ ስለ ራይድ ሾፌር፣ ቴሌግራም ላይ ጫማ ስለምትሸጥ ልጅ። አዲስ አበባ ውስጥ ቴክኖሎጂ የሰውን ኑሮ ከምር የነካው እዚያ ስለሆነ ነው።

አንድ መለኪያም ይዤ መጥቻለሁ። ሁላችሁም ቢሮ ሄዳችሁ፣ ተሰልፋችሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ ታውቃላችሁ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ከኋላችሁ ያለው ሰው «ዛሬም?» ይላል። የሚቆጡት ሰው የለም፣ የሚያደርጉት ነገርም የለም። ለእኔ የአንድ ከተማ ብልህነት የሚታየው በዚያች ሰዓት ነው። ሲስተሙ ሲቆም ሰውዬው ጉዳዩን ጨርሶ ይሄዳል ወይስ «ነገ ይመለሱ» ይባላል? ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ከሱቁ ልጀምር።

ቴሌብር የተጀመረው ግንቦት 2013 ነው። ከሱ በፊት ኤምብር፣ ሄሎካሽ፣ ሲቢኢ ብር ነበሩ፤ ግን የሰፈር ሱቅ ድረስ ዘልቀው የገቡ አልነበሩም። ቴሌብር በአራት ዓመት ከ50 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ አፈራ። ሳፋሪኮም ደግሞ ነሐሴ 2015 ላይ ኤምፔሳን ይዞ መጣ። ኤምፔሳ ኬንያ ውስጥ ሥራ የጀመረው በእኛ አቆጣጠር 1999 ነው። የናይሮቢ ጉሊት ቸርቻሪ ከእኛዋ 14 ዓመት ቀድማ በስልኳ ገንዘብ ስትቀበል ኖራለች ማለት ነው። ዘግይተን ጀመርን፣ ግን ስንጀምር በአንዴ ነው የገባንበት። አሁን ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ሳትቀር «ቴሌብር አለኝ» ትላለች።

ጀሞ አካባቢ የማውቃት አንዲት ባለ ሱቅ አለች። ከባንኮኒዋ ኋላ ግድግዳው ላይ የብስኩት ካርቶን ቀዳ ለጥፋለች። ካርቶኑ ላይ በማርከር የሒሳብ ቁጥሮች ተጽፈዋል። በ1000 የሚጀምረው የንግድ ባንክ፣ ከሥሩ የአዋሽ፣ የአቢሲኒያ፣ ከዚያ የቴሌብር ስልክ ቁጥር። ከጎኑ ሁለት ሦስት ኪውአር ኮድ ተለጥፏል፤ አንዱ ፀሐይ አደብዝዞታል። ደንበኞቿ ኪውአሩን ብዙም አይነኩትም። ካርቶኑን እያዩ ቁጥሩን በጣታቸው ይመታሉ።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ሱቋ ይጨናነቃል። ከሥራ የሚመለስ፣ ዳቦ የሚፈልግ፣ ዘይት የሚፈልግ፣ ካርድ የሚሞላ። አንዱ «ላክሁልሽ» ይላል። ስልኳን ታያለች፣ የገባ ነገር የለም። «አልገባም» ትላለች። «እኔ ጋ ገብቷል እያለ ነው» ይላል፣ ስክሪኑን ወደ ፊቷ አዙሮ። እዚህ ላይ ምን ታድርግ? ብታምነው፣ ያ ምስል የተቀናበረ ሊሆን ይችላል። ባታምነው፣ የአሥር ዓመት ደንበኛዋን ሌባ አደረገችው ማለት ነው። ሜሴጁ እስኪመጣ ብትጠብቅ ደግሞ ከኋላ ያሉት ሦስቱ ሰዎች ቀጣዩ ሱቅ ይሄዳሉ።

እስኪ ይህን አስቡት። ሴትዮዋ ፊደል ቆጥራለች፣ ስማርት ስልክ አላት፣ ሒሳቧን ትችላለች። ችግሩ እሷ ጋ አይደለም። ያ የክፍያ መንገድ ሲሠራ የከፋዩ ስልክ ታስቧል፣ የሻጯ እጅ አልታሰበም። በሁለት እጇ ዘይት እየቀዳች ስልክ የምታነብበት ሦስተኛ እጅ የላትም።

የተጭበረበረ ሰው ከመጭበርበሩ ይማራል። እሷም ተምራለች። አሁን የቴሌብር ሜሴጅ ከ127 መምጣቱን ታያለች፣ ከግለሰብ ስልክ የመጣ ከሆነ አትቀበልም። ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ቀሪ ሒሳቧን ከፍታ ታረጋግጣለች። የንግድ ባንክ ከሆነ ሜሴጁ ላይ ያለውን ሊንክ ነክታ ደረሰኙን ራሱን ታያለች። ነጋዴዎች፣ እናንተም ይህንኑ አድርጉ። ስክሪንሹት ደረሰኝ አይደለም። ገንዘቡ መግባቱን የሚነግራችሁ የራሳችሁ ስልክ እንጂ የደንበኛው አይደለም።

ሕንድ ውስጥ ይህንኑ ችግር የፈቱበት መንገድ በጣም ደስ ይለኛል። ሕንዶች ዩፒአይ የሚባለውን ሁሉንም ባንክ የሚያገናኝ የክፍያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 ጀመሩ። የጎዳና ሻይ ሻጭ ሳይቀር ኪውአር ለጠፈ። ከዚያ ልክ እንደ ጀሞዋ እህታችን ተቸገሩ፤ እጅ ሥራ ላይ ነው፣ ዓይን ሥራ ላይ ነው። መፍትሔው ምን ሆነ? አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ሣጥን። ሲም ካርድ አላት፣ ባንኮኒ ላይ ትቀመጣለች። ገንዘብ ሲገባ «ይህን ያህል ሩፒ ደርሷል» ብላ ጮክ ብላ ትናገራለች፣ በነጋዴው ቋንቋ። አለቀ። ነጋዴው ሻይ መቅዳቱን አያቆምም፣ ወረፋው አይቆምም፣ ደንበኛውም አይጠረጠርም። ከውጭ ሲታይ ተራ ዕቃ ነው። የሠራት ሰው ግን ባንኮኒው ኋላ ቆሞ አይቷል። እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ልጆች፣ አፕ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሳምንት ማታ ማታ ሱቅ ውስጥ ቁሙ። ከየትኛውም ኮርስ የበለጠ ትማራላችሁ።

ጥቅሙንም መካድ አያስፈልግም። «ዝርዝር የለም» ተብሎ በመልስ ፋንታ ማስቲካ የምንቀበልበት ጊዜ እየቀረ ነው። ሱቅ ዘግታ ገንዘብ በቦርሳ ይዛ የምትሄድ ሴት ፍርሃቷ ቀንሷል። ክፍለ ሀገር ላለች እናቷ ብር ለመላክ የሚሄድ ሰው አትፈልግም። ትልቅ ነገር ነው።

ነዳጅ ማደያ ላይ ግን ነገሩ በትእዛዝ መጣ። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ብቻ ሆነ፤ ቀጥሎም በመላው አገሪቱ። ሐሳቡ ይገባኛል። የነዳጅ ድጎማው የት እንደሚሄድ ለማወቅ እያንዳንዱ ሊትር በየትኛው ታርጋ እንደተቀዳ መመዝገብ ያስፈልጋል። ሾፌሩ ታርጋውን ይናገራል፣ ቀጂው ስልኩ ላይ ያስገባል፣ ሾፌሩ ፒኑን ይመታል። ኔትወርክ ሲኖር አፍታ አይፈጅም። ኔትወርክ ሲደክም ሰልፉ አስፋልት ላይ ይወጣል፣ አስፋልቱ ይዘጋል፣ ነዳጅ የማይፈልገው ሰው ሁሉ ቆሞ ይቀራል። ከተማ እንዲህ ነው። አንድ ቦታ የተንተፋተፈ ሲስተም ሌላ ቦታ ትራፊክ ይሆናል። ካሽ ሲከለከል መውጫው በርም አብሮ እንዳይዘጋ ማሰብ የሚገባው ይህን የወሰነው አካል ነው። ግዴታ ያደረግኸው ነገር ሲበላሽ ኃላፊነቱ የአንተ ነው፤ የቀጂው ልጅ አይደለም። ስድቡን የሚሰማው ግን እሱ ነው።

አሁን ስለ ብድር ላውራ፤ ነጋዴዎች ይህን ክፍል በደንብ ስሙኝ።

ትንሽ ነጋዴ ባንክ ሄዶ ብድር ሲጠይቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ታስይዛለህ?» ነው። ቤት፣ መኪና። ቤትና መኪና ቢኖረው መጀመሪያውንም ትንሽ ነጋዴ አይባልም ነበር። ነሐሴ 2014 ላይ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የሚባለውን ብድር ሲጀምር የተለወጠው ይህ ነው። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ምቹ» በሚለው አገልግሎት ያለ ማስያዣ ያበድራል። ዋስትናው የግብይት ታሪክ ሆነ። በቀን ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ የቀደመውን ብድር በሰዓቱ መለስክ ወይ። ማሽኑ ይህን አይቶ ልክህን ይነግርሃል። ሐሙስ ዕቃ ልታወርድ ገንዘብ ያጠረባት ሴት ረቡዕ ማታ በስልኳ ተበድራ ታድራለች። ከአራጣ አበዳሪ ደጅ የዳነች ሴት ማለት ናት።

ታዲያ ለምንድን ነው አሁንም ብዙ ሱቅ «ካሽ ካለህ ይሻላል» የሚሉን? እውነቱን እንነጋገር። ግብር ነው። እያንዳንዱ ዝውውር አሻራ ይተዋል። ነጋዴው የሚፈራው መክፈልን ብቻ አይደለም። በግምት የሚጫንበትን፣ የሽያጩን ድምር እንደ ትርፉ የሚቆጥርበትን ይፈራል። የ500 ብር ዘይት ሸጦ የሚያተርፋት ጥቂት ብር ናት፤ ሒሳቡ ላይ የሚታየው ግን 500 ነው። የሱ ያልሆነ የዕቁብ ገንዘብም ከሽያጩ ጋር ተደባልቆ ይገባል። ይህ ፍርሃት በስብከት አይጠፋም። አሻራው ነጋዴውን ሲጠቅመው ካየ ነው የሚጠፋው። ያው መዝገብ ብድር የሚያስገኝለት ከሆነ፣ የግዢ ወጪውንም አብሮ የሚያሳይለት ከሆነ፣ ግብር ሲከራከር ማስረጃ የሚሆነው ከሆነ ካሹን ራሱ ይተወዋል። ከእናንተ መሀል ለሱቅ የሚሆን የሒሳብ መዝገብ የሚሠራ ልጅ ካለ፣ መጀመሪያ የወጪውን ዓምድ ይሥራ። የገቢውን መንግሥትም ባንክም ይዞታል።

ወደ አድራሻ እንሂድ። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የምወደው ጉዳይ ነው።

አዲስ አበቤ አድራሻ የሚናገረው በምልክት ነው። «ከመድኃኔዓለም ከፍ ብለህ፣ ከማደያው ታጠፍ፣ ኮብልስቶኑን ይዘህ ውረድ፣ ሰማያዊው በር።» የቤት ቁጥር አለን፤ ግን የቤት ቁጥር ይዞ ቤት ያገኘ ሰው ብዙ አላውቅም። የራይድ ሾፌር ጂፒኤስ እያለው ይደውላል። «የት ጋ ነሽ? ባንኩ ጋ? የቱ ባንክ?» ካርታው ላይ ያለው ምልክት መንገዱን ያሳያል፣ ሰውዬው ግን ከመንገዱ የትኛው ወገን እንደቆመ አያሳይም።

ራይድን ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሳምራዊት ፍቅሩ ይህን ድርጅት ስትመሠርት የውጭውን ሞዴል ገልብጣ ብቻ አላስቀመጠችም። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው በ8294 ይደውላል፣ አማርኛ የምትናገር ኦፕሬተር ታነሳለች፣ ምልክቱን ይነግራታል፣ መኪናው ይመጣል። እናቶቻችን ራይድ የሚጠሩት እንደዚያ ነው። ኢንጂነር ሲያየው ወደ ኋላ የቀረ ሊመስለው ይችላል፤ በጥሪ ማእከል ሰው ማስቀመጥ ወጪ ነው። ግን ከተማውን ያወቀ ሥራ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓትም፣ አፕ በማይገባው ሰው እጅም ይሠራል።

ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ የከተማውን መልክ ለውጦታል። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል፣ ማታ መብራቱ ያምራል። በዚያው ልክ ፒያሳና ሌሎችም ሰፈሮች ውስጥ አድራሻ ስንናገርባቸው የኖርናቸው ምልክቶች ፈርሰዋል። ካፌው የለም፣ ፎቶ ቤቱ የለም፣ የጫማ ሰፊው ጥግ የለም። ዕድሜ ልኩን አንድ ጥግ ላይ የነገደ ሰው ሲነሳ የሚያጣው ቤቱን ብቻ አይደለም። ደንበኛው የት ሄዶ ይፈልገው?

እዚህ ላይ ያየሁት ነገር ልቤን ነክቶታል። የደንበኞቹን ስልክ የያዘ ነጋዴ፣ ቴሌግራም ቻናል የነበረው ነጋዴ፣ አዲሱን ቦታ በፎቶና በሎኬሽን ለጠፈና ደንበኛው ተከትሎት ሄደ። ስሙ ብቻ ሰፈር ውስጥ የሚታወቀው ግን ከባዶ ጀመረ። ቻናል የሌላችሁ ነጋዴዎች፣ ዛሬ ማታ ክፈቱ። ነጻ ነው። ዋጋ ጻፉበት፤ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ተዉት፤ ገዢ ያሸሻል። ቦታችሁን ሎኬሽን ብቻ ሳይሆን በምልክትም ጻፉ። ለሶፍትዌር ልጆች ደግሞ፣ አድራሻ በሰው አነጋገር የሚቀበል ካርታ ለዚህ ከተማ ያስፈልገዋል። «ከማደያው ዝቅ ብሎ» የሚለውን የሚረዳ። በአማርኛ የሚሰማና የሚናገር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው የእኔ መልስ ይኼ ነው። ዴሊቨሪ የምትሠራ ሞተር ሳይክል ያለ ስልክ ጥሪ ዕቃዋን ካደረሰች፣ የዚያን ቀን አንድ ነገር ሠርተናል።

ስለ ትራንስፖርት አጠር ላድርግ። ቀላል ባቡሩ መስከረም 2008 ሲጀመር በተሳፋሪው ፊት ላይ የነበረው ደስታ ትዝ ይላችኋል። 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ 41 ባቡሮች፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር። ከዚያ መለዋወጫ ጠፋ። ባቡሮቹ አንድ በአንድ ቆሙ፤ ከጊዜ በኋላ የሚንቀሳቀሱት ከቆሙት አነሱ። ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ ሰዉ ግን ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ለመግዛት በጀት ተገኘ፤ ለጥገና፣ ለመለዋወጫ፣ ለባለሙያው ሥልጠና ግን በየዓመቱ የሚመጣ በጀት አብሮ አልታሰበም። ቴክኖሎጂ ስትገዙ የዓመት ወጪውን ጠይቁ። ይኼ ለባቡርም ለሱቅ ሶፍትዌርም አንድ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናውም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። ጥር 2016 ላይ መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ወሰነ፤ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ኃይሉ አለ ማለት ነው። አሁን የሚቀረው ሰፈር ድረስ የሚያደርሰው መስመር፣ ትራንስፎርመሩ፣ ቻርጅ ማድረጊያው፣ ባትሪ የሚጠግነው ጋራዥ ነው። ሪባን የማይቆረጥለት ሥራ ሁሉ።

ወደ «ሲስተም የለም» ልመለስ።

መጋቢት 2016 ላይ የንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተዛባ። ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ባንኩ አብዛኛውን አስመልሷል። ወሬው የቀረው ግን «ተማሪዎቹ እንዲህ አደረጉ» በሚለው ላይ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ጠዋት ላይ የሆነው ነው። ባንኩ አገልግሎቱን ዘጋ። ያን ዕለት ጠዋት ደመወዙን እዚያ ያስቀመጠ ሰው ዳቦ ሊገዛ አልቻለም። በኪሱ ካሽ የለም፤ ካሽ መያዝ ከተወ ቆይቷል።

ሌላም አለ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ያኔ ቴሌብር አልነበረም። ሱቁ በካሽ ይሠራ ስለነበር ሕይወት እየከበደም ቢሆን ቀጠለ። ያው ነገር ዛሬ ቢሆን ግን ነዳጁም፣ ታክሲው በአፕ የሚጠራውም፣ ሱቁም፣ የመብራት ክፍያውም አብሮ ይቆማል። የአገልግሎት ጥራት ስንል የኔትወርክ ፍጥነት ብቻ እያሰብን ነው። ኢንተርኔትን መዝጋት አሁን የዳቦ ቤቱን በር መዝጋት ሆኗል፤ የሚወስኑ ሰዎች ይህን ይወቁት።

ለዚህ ነው በኮከብ ጀምረው በመሰላል ለሚያልቁት ቁጥሮች ከፍ ያለ ክብር ያለኝ። የቴሌብሩ *127#፣ የንግድ ባንኩ *889#፣ የሲቢኢ ብሩ *847#። ኢንተርኔት አይፈልጉም። በቁልፍ ስልክ ይሠራሉ። ቻርጁ ሦስት ቀን በሚቆይ ስልክ ይሠራሉ። ወጣት ገንቢዎች እነዚህን ሲንቁ አያለሁ፤ አፕ ነው የሚያምረው፤ ለኢንቨስተርም የሚታየው እሱ ነው። ግን መርካቶ ውስጥ ጭነት የሚያወርደው ሰው የያዘው ቁልፍ ስልክ ነው። አገልግሎታችሁ በዚያ ስልክ የሚሠራበት አንድ መንገድ ይኑረው። አፑ የሚሠራው ሁሉ እዚያ መኖር የለበትም፤ መክፈልና መቀበል ብቻ ይበቃል።

የመጨረሻው ጉዳዬ ፋይዳ ነው። የዲጂታል መታወቂያው አዋጅ 1284/2015 ነው። የተሠራው ሕንድ ውስጥ ባንጋሎር በተገነባ ሞሲፕ በሚባል፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ላይ ነው። ይህ ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ለአንድ የውጭ ኩባንያ እጅ አልሰጠንም። አሻራ፣ የዓይን ምስል፣ ፊት ይወሰዳል። አሁን አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ይጠየቃል፤ ሌላውም አገልግሎት እየተከተለ ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ ይዞ የሚንከራተት ሰው ያውቀዋል። ከክፍለ ሀገር መጥታ የሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ዋስ የሌላት፣ የራሷ ስም ያለበት ሒሳብ ልትከፍት ትችላለች። ደመወዟ ሌላ ሰው እጅ አይገባም። ይህ ከየትኛውም ስክሪን ይበልጥብኛል።

ግን ድንጋይ ሲጠርብ፣ ሲሚንቶ ሲያቦካ የኖረ ሰው አሻራው ያልቃል። ማሽኑ አያነብበትም። ዓይኗ ሞራ የያዛት እናት አለች። ሕንድ ውስጥ የአድሃር መታወቂያ ሲስፋፋ ይኸው ችግር ገጥሟቸው፣ አሻራቸው አላነብ ያለ ሰዎች ራሽናቸውን የተከለከሉበት ጊዜ ነበር። ከነሱ ስሕተት መማር እንችላለን፤ ሶፍትዌሩን እንደወሰድን ሁሉ ልምዱንም እንውሰድ። ማሽኑ «አይደለህም» ሲለው «ነህ» የሚል ሰው፣ በሕግ ሥልጣን ያለው ሰው፣ መስኮቱ ጋ መኖር አለበት።

ፒንም እንዲሁ ነው። ብዙ እናቶች የሚስጥር ቁጥራቸውን ለጎረቤት ልጅ ነግረዋል። «አንተ ምታልኝ» ይላሉ። ማንበብ ስለማይችሉ እንጂ ስለማይጠነቀቁ አይደለም። ቴሌብር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ መሥራቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ቀጣዩ እርምጃ ድምፅ ነው። ስልኩ ቁጥሩን እያነበበላቸው፣ የሚላክለትን ሰው ስም እየጠራላቸው ራሳቸው ይላኩ።

መረጃውስ የማን ነው? ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ የጉግል እህት ኩባንያ የሆነው ሳይድዎክ ላብስ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ሰፈር በሙሉ በሴንሰር ሊገነባ ተነሳ። ነዋሪው «የምሄድበትን፣ የምቀመጥበትን የምትሰበስበው ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ክርክሩ ሳይቋጭ በ2020 ኩባንያው ምክንያቱን የኮሮናን የኢኮኖሚ ጫና አድርጎ ፕሮጀክቱን ተወው። እኛም አሁን ሕግ አለን፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016። ሰው መረጃው ለምን እንደተሰበሰበ የማወቅ መብት አለው፤ የተሳሳተውን የማስተካከልም። ስንቶቻችሁ አንብባችሁታል? የምትሠሩት አፕ የሱቅ ሽያጭ፣ የደንበኛ ስልክ፣ ሎኬሽን የሚሰበስብ ከሆነ ይህን አዋጅ ሳታነቡ ሥራ አትጀምሩ። ያቺ የጀሞ ባለ ሱቅ የዕለት ሽያጯ ለተፎካካሪዋ ወይም ለአከራይዋ ቢደርስ ምን እንደሚከተል አስቡት። ኪራይ በሚቀጥለው ወር ይጨምራል።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የእኔ ንግግር አይበዛም። ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆች ደብተራችሁን አውጡ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ነጋዴዎች ደግሞ አንድ በአንድ ንገሯቸው። ባለፈው ወር ገንዘብ በስሕተት ቁጥር ልካችሁ ለማስመለስ ስንት ቀን ፈጀባችሁ? ኔትወርክ ሲጠፋ ደንበኛውን ምን ትሉታላችሁ? በዱቤ ትሰጣላችሁ ወይስ ትመልሱታላችሁ? የዱቤ ደብተራችሁ ውስጥ ምን ምን ይጻፋል? ማይኩ ወደ ኋላ ይሂድ። ማን ይጀምራል?